የሰልፉ ጭራ

«ፊደል አያስፈልገውም» አሉኝ ሚስ ቨርኔል። «ሪባንም ጌጥም አልፈልግም። ወፈር ይበልልኝ፣ እጀታው ግን ክብ ይሁን፣ እጅ እንዳይልጥ።» እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፤ «የማንን እጅ?» አልኳቸው። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው አዩኝ። ይቺን አስተያየት አውቃታለሁ፤ ርዕሰ መምህሬ ሆነው ከአስረኛ ክፍል ሲያባርሩኝም እንዲሁ ነው ያዩኝ። «ዶኔል፣ አንተ ዝም ብለህ እንጨትህን ላግ» አሉኝ። ላግኩት። ሚስተር አልሲድ እንጨት ቤት መሥራት ከጀመርኩ ሦስት ዓመቴ ነው፤ በየዓመቱ መጋቢት ሲመጣ የኮሌጁ ልጆች መቅዘፊያ ያሠሩናል። ጀልባ የሚቀዘፍበት እንዳይመስላችሁ። ማህበራቸው ውስጥ አዲስ የገባች ልጅ ለታላቋ የምትሰጠው፣ ስም የተቀረጸበት፣ ቫርኒሽ የጠጣ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ስስ ሳንቃ ነው፤ ሰላሳ አምስት ዶላር እናስከፍላለን። ይሄኛው ግን የበር መቃን ከሚሠራበት እንጨት የተቆረጠ ነው፤ ስም የለው፣ መስቀያ ቀዳዳ የለው። የት እንደሚያርፍ ለመገመት አስረኛ ክፍልን መጨረስ አያስፈልግም።

ያም ሆኖ ዝም ልል ነበር። ሚስ ቨርኔል ግን ሂሳባቸውን ከፍለው ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው ስልክ አነሱ፤ መላጊያው ማሽን መጥፋቱን ልብ አላሉም። «ፕሬዚዳንቷ? ተያት እሷን» አሉ። «እሷ ወረቀት ናት፣ ምን ታውቃለች? ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው ናቸው የለመኑኝ። ቅዳሜ ስድስት ሰዓት፣ እኔ ጋራዥ ውስጥ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ለሕዝብ ከመውጣታቸው በፊት ያልቃል።» ፕሬዚዳንቷ ማን መሰለቻችሁ? እህቴ ናት፣ ዴልፊን።

የኮሌጁ ሴት ልጆች ማህበር ነው፣ ሚስ ቨርኔልም በጊዜያቸው የገቡበት፤ ስሙ ሦስት የግሪክ ፊደል ነው። ማንበብ አልችልም፣ መቅረጽ ግን እችልበታለሁ። ሰዉ በጃኬታቸው ቀለም ብርቱካኖቹ ነው የሚላቸው። ወረቀት የሚባለው ስድብ ደግሞ የነሱ የራሳቸው ነው፤ ፎርም ሞልታ፣ ቃለ መጠይቅ ተቀምጣ፣ አንድም ቀን ሳትመታ የገባች ልጅ ወረቀት ትባላለች። ዱላ ከተከለከለ ቆይቷል፤ ከተገኘ ኮሌጁ ማህበሩን ይዘጋዋል። ድሮ እየተገረፉ የገቡት ግን ያልተገረፈችውን እህቴ ብለው አይጠሯትም፤ መንገድ ላይ ሰላም ብትላቸው እንኳን ሰዓታቸውን ያያሉ። ዴልፊን ወረቀት ናት። ፕሬዚዳንት የሆነችውም ኮሌጁ ውስጥ የቀሩት ብርቱካኖች ዘንድሮ የሚመረቁ ሦስት ልጆች ብቻ ስለሆኑና ሁለቱ ሌላ ከተማ ለማስተማር ልምምድ ስለተላኩ ነው። እንዲህ ስላት ትበሳጭ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ለሚስ ቨርኔል የማደርሰውን መቅዘፊያ ከሥራ ቤቱ መኪና አውጥቼ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት፣ ከበቆሎ ገንፎው ድስት አጠገብ። ወጥ ቤታችን ሁለት ሰው ሲቆም የሚሞላ ነው፤ የማቀዝቀዣው በር ሲከፈት ሦስተኛው ሰው መውጣት አለበት። ማማ የሥራ ልብሷን እየተኮሰች ነበር፤ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ አልጋ ታነጥፋለች፣ ቅዳሜም ትገባለች። እንቁላል ደርዘኑ አምስት ዶላር ገባ እያለች ስታማርር ቆይታ መቅዘፊያውን አየችው። ካውያውን አቆመች። አነሳችው፣ በአንድ እጇ መዘነችው፣ መልሳ አስቀመጠችው። «ገንፎው ይቀዘቅዛል» አለች። ዴልፊን ብርቱካናማ ጃኬቷን ወንበር ላይ ሰቅላ ፀጉሯን እያበጠረች ነበር። የሰማሁትን ነገርኳት፣ የሚስ ቨርኔልን ድምፅ እያስመሰልኩ ሳይቀር። አልሳቀችም። ማማም አልሳቀችም። ማማ ያልተናገረችው ምን እንደሆነ ሦስታችንም እናውቃለን፤ ሚስ ቨርኔል ትምህርት ቤት ውስጥ ከነሐሴ ጀምሮ የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ቦታ አለ፣ ለዴልፊን ነው የተያዘው። ማማ ይሄን ለቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ አውርታ ጨርሳለች። አሁን ግን የተኮሰችውን ኮሌታ እንደገና ትተኩሳለች። 

«ስንት ሰዓት ነው ያሉት?» አለች ዴልፊን በመጨረሻ።

«ስድስት።»

«ታደርሰኛለህ።»

ማማ በር ላይ በፎይል የተጠቀለለ ዳቦ እጇ ውስጥ አስገባችላት። «ሳትበይ አትዋዪ» ብቻ ነው ያለቻት።

መኪናዋ የሚስተር አልሲድ ናት፣ ኋላዋ ክፍት፣ የፊት መስታወቷ ጥጉ የተሰነጠቀ። «ዲኑ ጋ ደውዪና ይገላግሉሽ» አልኳት። «ቅዳሜ ማን ስልክ ያነሳል?» አለችኝ። ሁለት መብራት አለፍን። ሦስተኛው ላይ «ብደውልም ማህበሩ ይዘጋል፣ ልጆቹ ሜዳ ላይ ይቀራሉ» አለች። «ብተወው ደግሞ ይመታሉ። አውቄ ዝም ያልኩት ደግሞ እኔ እሆናለሁ።»  ይቺ ልጅ መጀመሪያ ኮሌጅ የገባች ዓመት በየሳምንቱ አርብ ቤት ትመጣ ነበር፤ ምሳዋን ላይብረሪው ደረጃ ስር ብቻዋን እንደምትበላ የነገረችው ለእኔ ብቻ ነው። ክፍል ውስጥ እጇን አታወጣም፣ ስሟን ሲጠሩ እንኳን በሹክሹክታ ነው አቤት የምትለው። በሁለተኛው ዓመት ጉንፋን ጥሏት የማታውቃቸው ሁለት ብርቱካኖች ቦሎቄ ሾርባ በማሰሮ ይዘው መኝታ ክፍሏ ድረስ መጡ። ከዚያ በኋላ አርብ አርብ መምጣት ተወች። ማማ ተቀየመች፤ እኔ ደግሞ ክፍሉን ለብቻዬ አገኘሁ።

የሚስ ቨርኔል ቤት ነጭ ነው፣ ሣሩ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል። የጋራዡ በር ግማሽ ድረስ ተዘግቷል። መቅዘፊያውን ይዤ ጎንበስ ብዬ ገባሁ። መኪናው ወጥቶ ወለሉ ታጥቧል፤ ጥግ ላይ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ የስኳር ድንች ፓይና የወረቀት ሳህን። ግርፋት ሲያልቅ የሚበላ ፓይ መሆኑ ነው። ሚስ ቨርኔል ከሁለት እኩዮቻቸው ሴትዮዎች ጋር የድሮ ጃኬታቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል፤ የአንደኛዋ ዚፕ አልገጠም ብሏል። አዲስ የሚገቡት አምስት ልጆች እንደ ደንባቸው በቁመት ተሰልፈዋል፣ አጭሯ ከፊት፣ ረጅሟ ከኋላ፣ እያንዳንዷ ግንባሯን የፊተኛዋ ጀርባ ላይ አሳርፋ። ከፊት ላኬታ ናት፣ ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ ያለችው። ከኋላ፣ ጭራ በሚሉት ቦታ፣ ጆስሊን፣ የሚስ ቨርኔል የወንድም ልጅ፣ በር የምታክል። ሁሉም ለዱላው ብለው ሁለት ሁለት ሱሪ ደርበዋል፣ በዚህ ሙቀት። ላባቸው ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል።

«እዚያ አኑረውና ሂድ፣ ዶኔል» አሉ ሚስ ቨርኔል። ከኋላዬ ዴልፊን ጎንበስ ብላ ስትገባ አዩ። እኔ ውጣ ሲባል ወጣሁ፤ በሩ ግን ግማሽ ክፍት ነው፣ የሣር ማጨጃው ላይ ተቀመጥኩ፣ ሁሉም ይታየኛል።

«ማን ጠራሽ?» አሏት ሚስ ቨርኔል።

«ማንም።»

«እንግዲያው ማንም አልነገረሽም፣ አንቺም አላየሽም። አስራ አንድ ሰዓት ላይ እንገናኝ።»

ዴልፊን እሳቸውን ትታ ወደ ልጆቹ ዞረች። «ላኬታ፣ ቀና በይ።» ላኬታ ቀና አለች። «ታላቅ እህት፣ በእናትሽ አትቆጪ» አለች። «እኛ ነን የለመንናቸው። ማንም አላስገደደንም።»

«ለምን?»

ላኬታ መሬት አየች። ከጭራው የጆስሊን ድምፅ መጣ። «እንዳንቺ እንዳይሉን ነዋ።»

አንዷ ሴትዮ ሳቋን በመሐረብ አፈነችው። እኔ እንኳን፣ በሰው ላይ ሙድ መያዝ እንጀራዬ የሆነው፣ ይቺ ከበደችኝ። ዴልፊን አጠገቧ የነበረ ባዶ የቀለም ባልዲ ገልብጣ ቁጭ አለች። ቁጭ ስትል ከሁሉም አነሰች፤ ስትቆምም ከሁሉም ታንሳለች። ጉልበቷን ያዘች። የምትሄድ መሰለኝ። ቁልፉን አዘጋጀሁ።

«እሺ፣ ወረቀት ነኝ» አለች። «አንድ ነገር ግን እወቁ። ዛሬ የአባልነቱን ፒን የምሰካላችሁ እኔ ነኝ። ሚስ ቨርኔል አይችሉም፣ ሌላ ሰውም አይችልም፤ ደንቡ ላይ ፕሬዚዳንቷ ነው የሚለው። እዚህ አንዷ ከተመታች ለአምስታችሁም አልሰካም። ላልተመታችውም።»

«ስልሳ አንድ ዓመት የኖረ ማህበር ልትዘጊ ነው?» አሉ ሚስ ቨርኔል ከወንበራቸው ሳይነሱ።

«ከሆነ ይዘጋ።»

«በነሐሴስ የት ልትሠሪ አስበሻል?»

«አላውቅም፣ ሚስ ቨርኔል።»  ሚስ ቨርኔል ይጮሃሉ ብዬ ስጠብቅ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ይሄ ደግሞ ይብሳል። «ስሚኝ ልጄ» አሉ። «እኔ ከገባሁ በኋላ አራት ቀን መቀመጥ አቅቶኝ ቆሜ ነው የተማርኩት። አብረውኝ የተመቱት ናቸው እናቴን የቀበሩልኝ። ባሌ ጥሎኝ ሲሄድ ልጆቼን የያዙልኝ እነዚህ ሁለቱ ናቸው፣ እያቸው። ይሄ መዋደድ ከየት የመጣ ይመስልሻል?» ዚፕ አልገጠም ያላት ሴትዮ አንገቷን ደፋች፤ እውነት መሆኑ ያስታውቃል።

«እኔ ጋ ሾርባ ይዘው የመጡት አልመቱኝም» አለች ዴልፊን። «ስሜን እንኳን አያውቁም ነበር።» ከዚያ ባልዲዋን በእግሯ ገፋ አድርጋ ተነሳች። «ከእኔ ጋር የምትመጣ መኪናው ውጭ ነው። ኋላ ነው የምትቀመጡት፤ ስንጥር አለ፣ ተጠንቀቁ።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ጋራዡ ውስጥ ያለ ማራገቢያ ይዞራል። ዴልፊን በሩ ስር ጎንበስ ብላ ወጥታ መኪናዋ አጠገብ ቆመች፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ የማማን ዳቦ ፎይል እየቆነጠረች። ምናልባት ሁለት ደቂቃ፣ ለእኔ ግን ቀኑን ሙሉ። መጀመሪያ የላኬታ ድምፅ ተሰማ። «ሚስ ቨርኔል ይቅርታ፣ ሱሪው አፈነኝ» አለችና ወጣች። ቀጥላ መነጽር ያደረገችው። ቀጥሎ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ አንዷ እያለቀሰች። ጆስሊን ብቻ ግንባሯን አዘንብላ እንደቆመች ቀረች፤ የምትደገፍበት ጀርባ ግን የለም። «እኔ የት እሄዳለሁ?» አለች። «የምኖረው እዚህ ነው።»

ሚስ ቨርኔል ተነስተው ጋራዡን እስከ ታች ዘጉት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ጆስሊን ናት ኋላ የነገረችን፤ ማንም አልነካትም። አክስቷ ፓዩን ቆርጠው ሰጧት፣ አልበላላትም።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ የኮሌጁ ሜዳ ጢም ብሏል። ሌሎቹ ማህበሮች፣ ሰማያዊዎቹም ቢጫዎቹም፣ በየጃኬታቸው መጥተዋል፤ ዛፉ ስር የተጠበሰ ዓሣ ይሸጣል፣ ሳህኑ አስራ ሁለት ዶላር፣ በዚያ ላይ ዳቦ የለውም። ሁለቱ ለልምምድ የተላኩት ብርቱካኖችም ደርሰዋል። የጎደሉት ትልልቆቹ ናቸው። ልማዱ የድሮ አባላት ከኋላ በግማሽ ክብ ቆመው አዲሶቹን መቀበል ነው፤ ዛሬ የቆመ የለም፣ ባዶ ሣር ነው። ሰው ቶሎ ይገባዋል። ከሰማያዊዎቹ በኩል አንዱ «ወረቀት!» ብሎ ጀመረ፣ ሌላው ተቀበለው፣ ወዲያው ሜዳው ሁሉ በጭብጨባ «ወ-ረ-ቀት!» ሆነ። እኔ ለማንኛውም ብዬ በዓይኔ ድንጋይ መፈለግ ጀመርኩ።

አዲሶቹ ተሰልፈው ለሕዝብ የሚያሳዩት የእግር ጭፈራ ለአምስት ሰው የተሠራ ነው። ላኬታ ከፊት ትጠራለች፣ ሁሉም በእግርና በእጅ መሬቱን ያናውጡታል፣ ጭራዋ ትመልሳለች፣ መልሱ ሲመጣ ሰልፉ ይዞራል። ላኬታ ጠራች። አራቱ ደበደቡት። መልስ የለም። አልዞሩም፤ አራተኛዋ ልጅ ወደ ኋላዋ አየች፣ የምትዞርበትን አጣች። ሜዳው በሳቅ ፈነዳ። ፕሬዚዳንት ከፊት እጇን አጣምራ ትቆማለች እንጂ ከአዲስ ልጆች ጋር አትዘልም፣ ይሄ ነውር ነው። ዴልፊን የፒኑን ሣጥን ለአንዷ ብርቱካን አቀበለችና በሰልፉ ጎን ዞራ ጭራው ላይ ቆመች። ሰልፉ ከአጭር ወደ ረጅም እንደ ደረጃ ወጥቶ ወጥቶ መጨረሻው ላይ ጉድጓድ የገባ መሰለ። እውነቴን ነው፣ እኔም ሳቅሁ። ላኬታ እንደገና ጠራች። ያቺ ስሟ ሲጠራ የምታንሾካሽክ ልጅ መልሱን በጩኸት ሰጠችው፤ ዓሣ ሻጩ ሳይቀር ዞረ። ሰልፉ ዞረ። አንድ ቦታ ላይ ዴልፊን እግሯን ሳተች፣ ቶሎ ያዘችው፣ ቀጠሉ። ስድቡ አልቆመም፣ ግን ከእግራቸው ድምፅ በታች ሆነ፤ ላኬታ በጠራች ቁጥር ለመስማት ዝም የሚሉ ሰዎች በዙ።

ሲያልቅ አራት ፒን ሰካች። ጭብጨባው ያን ያህል አልነበረም፤ ግማሹ ሰው ወደ ቢጫዎቹ ሙዚቃ ሄዷል። አራቱ ግን ተቃቅፈው አንላቀቅም አሉ፣ እሷን መሃል አስገብተው፤ የምትታየኝ ፀጉሯ ብቻ ነበር። ማማ ከሥራ በቀጥታ መጥታ አጥሩ ጋ ቆማ አገኘኋት፣ የጠዋቱ ልብስ ተጨማዷል። ዴልፊን ስትመጣ ማማ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር አሰረችላት፣ ልክ እንደ ሕፃን። አስራ ጨርሳም አልተነሳችም። «አስተማሪ የሚቀጥረው የቨርኔል ትምህርት ቤት ብቻ አይደለም» አለች፣ ለጫማው ነው የነገረችው። ዴልፊን እጇን የማማ ትከሻ ላይ አሳረፈች።

ዓሣ ልግዛ ስል ዴልፊን ክንዴን ያዘች። «ሚስ ቨርኔል ቤት መልሰኝ» አለች።

«አብደሻል? በመቅዘፊያው እኔን ነው የሚጀምሩት።»

«ንዳ።»

ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። በሩን ያንኳኳችው ሦስት ጊዜ ነው። ሚስ ቨርኔል ከፈቱ፤ ጃኬቱን አውልቀው የቤት ቀሚስ ለብሰዋል፣ ትንሽ ያረጁ መሰሉኝ። «ጆስሊንን ፈልጌ ነው» አለች ዴልፊን። «ልታይሽ አትፈልግም» አሉ። «እጠብቃለሁ» አለች፣ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ሚስ ቨርኔል በሩን አልዘጉትም፤ ገርበብ አድርገውት ገቡ። እኔ መኪና ውስጥ ነኝ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ፣ በረሃብ አንጀቴ ይጮሃል። ሃያ ደቂቃ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ጆስሊን በካልሲ ወጣችና የደረጃው ሌላ ጥግ ላይ ተቀመጠች። ተቀምጣም ከዴልፊን በአንድ ጭንቅላት ትረዝማለች። ሁለቱም መንገዱን ያያሉ። ውሻ ይዞ የሚያልፍ ሽማግሌ ሰላም አላቸው፣ ሁለቱም እኩል መለሱለት።

«ጭራው ላይ ማን ቆመ?» አለች ጆስሊን።

«እኔ።»

ጆስሊን ዞራ ከላይ እስከ ታች አየቻት፣ ለማየት ብዙም ጊዜ አይወስድም። ላለመሳቅ ታገለች። አልቻለችም፣ በአፍንጫዋ አመለጣት። «አንቺ? ጭራ?»

«ሳቂ፣ ሜዳው ሁሉ ስቋል።»

«መዞሪያው ላይ ግራ እግርሽን ሳትሽ አይደል?»

«ማን ነገረሽ?»

«ሁሉም እዚያ ጋ ነው የሚስተው።» ጆስሊን ተነሳች። የበረንዳው ጣውላ ላይ ቆመች፣ አንዴ ገርበብ ወዳለው በር አየች፣ ከዚያ ቀስ ብላ አሳየቻት፤ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ዞር። በካልሲ ስለሆነ ድምፅ የለውም። ዴልፊንም ጫማዋን አውልቃ አጠገቧ ቆመች፣ ሞከረች፣ እዚያው ቦታ ላይ ሳተች።

«እንደገና አሳዪኝ» አለቻት።